ስለ ድምፅ ግንብ በጀት ለወጣት የሙያ ልጆቼ

በሚኒሶታ የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ዛሬ በየከተማው አስተዳደር የበጀት ሐሳብ የምታዘጋጁ ስለሆናችሁ፣ አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ ስለሚያርፍ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። በሃይዌይ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የድምፅ መከላከያ ግንብ ይሠራልን ብለው ሲያመለክቱ ከተማው ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ?

ጉዳዩ ወደ ከተማው የሚመጣበት ምክንያት አለው። የፌዴራሉ ደንብ አዲስ ሃይዌይ ሲሠራ ወይም ነባሩ ሲሰፋ የድምፅ ጥናት እንዲደረግ ያስገድዳል፤ ለመኖሪያ ቤት የተቀመጠው መለኪያም 67 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መስፈሪያ) ነው። መንገዱ ካልተነካ ግን ግንብ መሥራት የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ እንጂ ግዴታው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ደግሞ ለነባር መንገዶች የሚሰጠውን የፌዴራል ገንዘብ በዋነኛነት ቤቶቹ ከመንገዱ ቀድመው ለተሠሩባቸው ቦታዎች ወሰነው። በእኛ ክፍለ ግዛት እንዲህ ላለው ግንብ ከወጪው 10 በመቶውን ከተማው እንዲሸፍን ይጠየቃል። ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ያው ገንዘብ በረዶ ለመጥረግም፣ የእግረኛ መንገድ ለመጠገንም ይፈለጋል።

በምክር ቤት ስብሰባ ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ክርክር “መንገዱ እንዳለ እያወቁ አይደል የገቡት?” የሚል ነው። በወጣትነቴ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። በሴንት ፖል ከተማ ኢንተርስቴት 94 የተባለው ሃይዌይ ሲሠራ ሮንዶ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ እዚያ ግን መንገዱ ነው ሰው ቤት የገባው። ከዚያ በኋላ በየሃይዌዩ ዳር የተከራየው ስደተኛም ቢሆን፣ የወገኖቻችንን ኑሮ እንደማውቀው፣ ኪራዩን ስለቻለው እንጂ ጩኸቱን ስለወደደው አልገባም። ስለዚህ ሐሳብ ስታቀርቡ ቀድሞ የነበረው ማን እንደሆነ መጠየቁ ለሕጉ ያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ ለሚዛናዊ ፍርድ ግን ብቻውን አይበቃችሁም።

አሁን ስላጠፋሁት ልንገራችሁ። በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ግንቡ ከተሠራ ሃይዌዩን ትረሱታላችሁ ብዬ ተናገርሁ። ግንቡ ተሠራ። በዓመቱ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አግኝተውኝ “ልጄ፣ እኔ እኮ ዛሬም እንቅልፍ የለኝም” አሉኝ። ቤታቸው ብሄድ ሕንፃው ላይ ከፍ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ከበረንዳቸው መኪኖቹ ከግንቡ በላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ግንብ የሚጠቅመው በድምፁ ምንጭና በሰሚው መካከል ያለውን እይታ ሲጋርድ ነው፤ እይታውን እንደጋረደ 5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመር እያንዳንዱ ሜትር ቁመት ደግሞ 1.5 ያህል። ጆሮ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ የሚለው 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። ጥቅሙም በይበልጥ ከመንገዱ 60 ሜትር ገደማ ውስጥ ላሉ ቤቶች ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ያልተናገርሁት ጭብጨባው ስለጣመኝ ነው።

በነገራችን ላይ ዛፍ ይተከልልን የሚሉ አይጠፉም። ጥቅጥቅ ያለ ደን 10 ዴሲቤል እንዲቀንስ ወደ 60 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ ያን ያህል መሬት ያለው ከተማ አላየሁም።

የእኔ አቋም በመጀመሪያው ረድፍ ያሉት ቤቶች በልኬት ከመለኪያው በላይ ሆነው ከተገኙና ግንቡ እይታውን የሚጋርድላቸው ከሆነ ከተማው ድርሻውን ይክፈል የሚል ነው። ከኋላ ላሉት ግን ለውጡ ጥቂት እንደሚሆን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቋቸው። የቅሬታ ደብዳቤ ብዛት መለኪያ እንዳይሆናችሁ ተጠንቀቁ፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው ተከራይ አይጽፍም። ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ተጠቃሚዎቹ ይሠራ ወይም አይሠራ ብለው በፖስታ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በእኛ ዘንድ ተከራይም ይሰጣል፣ ለድምፁ የሚቆጠርለት ነጥብ ከባለቤቱ ያነሰ ቢሆንም። የድምፅ መስጫው ፖስታ ግን የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ሲጣል በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ አማርኛውን ስለምታውቁ ፖስታው ከተላከ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ እያንኳኳችሁ ውጡት።