ለጂአር86 የቱን ጎማ? ለመንገዱም ለትራኩም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነበር፦ «የ2023 ቶዮታ ጂአር86 ፕሪሚየም አለኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ሥራም የምሄደው በሱ ነው። ዘንድሮ አራት አምስት ቀን ሰሚት ፖይንት ሄጄ ትራክ ላይ መንዳት አስቤያለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዮኮሃማ ኤ052 የሚባል ጎማ ግዛ ብለውኛል። ልግዛ? መጠኑስ ስንት በስንት ይሁን?»

ወንድሜ፣ ኤ052 አትግዛ። እንዲያውም ለጊዜው ምንም ጎማ አትግዛ። መኪናህ ከፋብሪካ የወጣበት ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4፣ 215/40 አር18 (ስፋቱ 215 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 40 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች)፣ ደህና የበጋ ጎማ ነው። ጥርሱ ካላለቀና ጎኑ ካልተነካ የመጀመሪያ ዓመትህን በሱ ጨርስ። ጀማሪ የሚያስፈልገው ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ጎማ ነው። ፓይለት ስፖርት 4 ከመልቀቁ በፊት ይጮኻል፣ የሚለቀውም ቀስ ብሎ ነው። ኤ052 ግን ስህተትህን ይሸፍንልሃል፤ ሲለቅህ ደግሞ የሚለቅህ በጣም በሚበልጥ ፍጥነት ላይ ነው። ገንዘቡን መጀመሪያ የመፍላት ነጥቡ ከፍ ባለ ዶት 4 የፍሬን ዘይትና ሙቀት በሚችል የፍሬን ሸራ ላይ አውለው።

ከዚያ ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚያጋድልበት ልክ። ጎማ በትራክ ላይ ያለ ዕድሜው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሰው ግን ጎማውን ይረግማል። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የፊት ካምበሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ኩርባ ላይ ቦዲው ሲያዘነብል ጎማው በውጪኛው ትከሻው ብቻ ይቆማል፤ የቀረው ስፋት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሰሚት ፖይንት ሜይን ሰርኪዩት 2 ማይል፣ 10 ኩርባ ነው፤ የሚነዳው በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ ቀኝ መታጠፊያው ይበዛል፣ ጭነቱም በግራ የፊት ጎማ ላይ ያርፋል። ካምበሩን ሳትነካ አንድ ሙሉ ቀን ብትነዳ የዚያ ጎማ ውጪኛ ትከሻ ሊሾ ወደ መሆን ሲቃረብ የውስጡ ጥርስ አዲስ ይመስላል። መፍትሔው ከአንድ ጎማ ዋጋ በታች ነው፦ የካምበር ቡሎን (ማጋደሉን የሚያስተካክል ቡሎን) ግዛና ፊቱን ወደ −1.5 ዲግሪ፣ ማለትም ከላይ ወደ ውስጥ፣ አስጠጋው። ካምበር ሲነካ ቶው (ጎማዎቹ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ያዞሩበት ልክ) አብሮ ይዛነፋል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርተህ የፊቱን ቶው ዜሮ አድርገው። ይህን ዘልሎ ቶው እንደተዛነፈ የሚነዳ ሰው በሀይዌይ ላይ ብቻ የውስጥ ትከሻውን ይበላል።

የነፋስ ግፊት ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የበሩ ተለጣፊ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማና ለመንገድ ነው። ትራክ ላይ የሚታየው ጎማው ግሎ ሲወጣ የሚያሳየው ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ጀምር። የጎማው ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይወጣል፤ ከ20 ደቂቃ ዙር (አንዴ ትራክ ገብተህ እስክትወጣ) በኋላ 36 ወይም 38 ብታገኝ አትደንግጥ። ወደ ማቆሚያው እንደገባህ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አራቱንም ለካና ወደ 36 አውርድ። የግራዎቹ ከቀኞቹ በልጠው ይገኛሉ፤ የበለጠ ስለሠሩ ነው። በማግስቱ ግራዎቹን በቀዝቃዛው በ1 ፒኤስአይ ዝቅ አድርገህ ጀምር።

36 የመነሻ ቁጥር ነው፤ ልኩን የሚናገረው ራሱ ጎማው ነው። ከመውጣትህ በፊት ከጥርሱ ጠርዝ እስከ ጎኑ ድረስ በጠመኔ አስምርበት፣ በዙሪያው ሦስት ቦታ። ትከሻው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ታገኛለህ፤ ሚሽሊን በቦታው የራሱን ሰውዬ ምስል ያደርጋል። ስትመለስ ጠመኔው እስከ ምልክቱ ጫፍ ከጠፋ ልክ ነህ። ምልክቱን አልፎ ጎኑ ላይም ከጠፋ ጎማው ወደ ጎኑ እየታጠፈ ነው፣ 2 ፒኤስአይ ጨምር። ጥርሱ ጠርዝ ላይ ጠመኔ ከቀረ ግፊቱ በዝቷል፣ ቀንስ። ላስቲኩንም በጣትህ ዳብሰው፦ ቆዳው እንደ ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ሻካራ ከሆነ በጤና ነው የሚያልቀው። የጥርሱ ብሎክ ጠርዝ ተቦጭቆ ከሄደ ግን ከሚችለው በላይ ግሏል፤ በሚቀጥለው ዙር ትራኩን ሁለት ጊዜ ዞረህ ሦስተኛውን እያቀዘቀዝክ ንዳ። አዲስ ጎማ በጥልቅ ጥርሱ ምክንያት ስለሚወላወል ቶሎ ይግላል፤ ግማሹ ያለቀው ትራክ ላይ ይሻላል። ስለዚህ ትናንት የገጠምከውን ጎማ ዛሬ ትራክ አትውሰደው።

አሁን ያሉት ሲያልቁ፣ በአንድ ጎማ ሁለቱንም ልሥራ ካልክ፣ ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ወይም ኮንቲኔንታል ኤክስትሪምኮንታክት ስፖርት 02 በ225/40 አር18 ያዝ። በ7.5 ኢንች ቸርኬህ ላይ ይሄዳል፤ ቁመቱ ከ629 ወደ 637 ሚሊሜትር ስለሚያድግ የፍጥነት መቁጠሪያህ ከ1 በመቶ ትንሽ በለጥ ባለ ልዩነት ያነሰ ያሳያል። ከመጠኑ ጎን ያለውንም ኮድ አንብብ፦ 85 ማለት አንዱ ጎማ 515 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ 92 ደግሞ 630 ኪሎ። ከፋብሪካው ቁጥር በታች አትውረድ።

ባለ 200 ትሬድዌር የሚባሉት ቀጥሎ ይመጣሉ፤ ትሬድዌር ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያመለክት ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ቶሎ ያልቃል። ቁጥሩ ሕግ የሚያዝዘው ቢሆንም የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ ሁለት 200 የተጻፈባቸው ጎማዎች ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ኤ052 ቶሎ ይሞቃል፣ ለአንድ ደቂቃ የአውቶክሮስ ሩጫ (በኮን መሐል ለብቻ በሰዓት የሚነዳ ውድድር) ግሩም ነው፤ በ20 ደቂቃ ዙር ውስጥ ግን ትራኩን ጥቂት ጊዜ ዞረህ ሳትጨርስ ግሎ መያዙን ይቀንሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ብሪጅስቶን አርኢ-71አርኤስ ወደዚያው ወገን ያደላል። ሃንኩክ ቬንተስ አርኤስ4 ለመሞቅ ይዘገያል እንጂ ቀኑን ሙሉ ይችላል። ለአንተ ዓይነት አጠቃቀም ከነዚህ ያለማመንታት አርኤስ4ን እመርጣለሁ።

እሱንም ለብቻው ቸርኬ ላይ አድርገው፦ 17 በ8 ወይም 17 በ9 ኢንች፣ ቡሎኑ 5 በ100 (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ)፣ የመሐል ቀዳዳው 56.1 ሚሊሜትር፣ ጎማው 245/40 አር17። ቁመቱ 628 ስለሆነ መቁጠሪያውን አያዛባም። ብሬምቦ የሚባለው ትልቁ ፍሬን ካለህ ግን የማይገባ 17 ቸርኬ አለ፤ ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ። በዚህ ጎማ −1.5 አይበቃም፤ የካምበር ፕሌት (ከሾክ አናት ላይ የሚገጠም ማስተካከያ) አስገጥመህ ወደ −2.5 ወይም −3 ውሰደው። አንድ ነገር አደራ፦ በዚህ መኪና ረጅም ቀኝ ኩርባ ላይ የሞተር ዘይት ግፊት እንደሚወርድ ብዙ ባለቤቶች ለክተው አሳይተዋል፤ ጎማው በያዘ ቁጥር ዘይቱ ወደ ጎን የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጥተህ እይ።

ዝናብና ብርድን አትናቅ። ከሰሚት ፖይንት እስከ ቤትህ ወደ 70 ማይል ነው። የ200ዎቹ ጥርስ ሲጀምርም ጥልቀት የለውም፤ ወደ 3 ሚሊሜትር ሲወርድ ውኃ በቆመበት ሀይዌይ ላይ መኪናው ይንሳፈፋል። ሕጉ እስከ 1.6 ቢፈቅድልህም እስከዚያ አትጠብቅ። ከ7 ዲግሪ በታች የበጋ ጎማ ሁሉ ይደርቃል፣ መያዙም ይወርዳል፤ ከ−7 በታች ደግሞ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለቨርጂኒያ ጥር የክረምት ወይም የአራት ወቅት ጎማ ይኑርህ።

ስትገዛ ጎኑ ላይ ያለውን የዶት ቁጥር መጨረሻ አራት አኃዝ እይ፤ 2324 ማለት በ2024 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ ከሆነ የውስጥ ጎኑንም አገላብጠህ እይ፤ እብጠት ያለበትን ጎሚስታው «ችግር የለውም» ቢልህም ተወው።

ትራክ ሄደህ ስትመለስ ሁለት ነገር አትርሳ። ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ እንደ መኪናው መመሪያ አጥብቅ፣ ቀዝቅዘው ሳሉ፤ ቸርኬ ከቀየርክ ከ50 ማይል በኋላ ድገመው። ሁለተኛ፣ ግሎ ሳለ ያወረድከው ነፋስ ጎማው ሲቀዘቅዝ ወደ 27 ወይም 28 ይወርዳል፤ በዚያ ግፊት ሀይዌይ ላይ አትውጣ። ትንሿን መንፊያ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዘህ ሂድና ከግቢው ሳትወጣ በበሩ ተለጣፊ ላይ ወዳለው ቁጥር መልሰው።