የፍራይቡርጉን ከንቲባ ሮልፍ ቦሜን ስለተመለከቱ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በከተማ ፕላን ሙያ ጀርመን አገር እሠራለሁ። ከ1982 እስከ 2002 የጀርመኗ ከተማ የፍራይቡርግ ከንቲባ ስለነበሩት ሮልፍ ቦሜ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውዬው መሐንዲስ ነበሩ?

መልስ፦ አልነበሩም። የሕግ ሰው ናቸው። ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት የፓርላማ አባል ነበሩ፤ በፌዴራል ገንዘብ ሚኒስቴርም ሠርተዋል። በጀትና ውል ማወቃቸው ኋላ በጣም ጠቅሟቸዋል።

ጥያቄ፦ የፍራይቡርግን የንጹህ ኃይል ሥራ የጀመሩት እሳቸው ናቸው?

መልስ፦ ሕዝቡ ቀድሟቸዋል። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በቪል መንደር የኑክሌር ጣቢያ ሊሠራ ሲል፣ በ1975 ገበሬዎች፣ ወይን አምራቾችና ተማሪዎች ቦታውን ያዙት። ጣቢያው ሳይሠራ ቀረ። በ1986 የቼርኖቤል አደጋ ሲደርስ የከተማው ምክር ቤት ከኑክሌር ለመላቀቅ፣ ኃይል ለመቆጠብና ወደ ታዳሽ ምንጮች ለመዞር ወሰነ። የቦሜ ድርሻ ይህን የሕዝብ ቁጣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ማድረጋቸው ነው።

ጥያቄ፦ ከሠሩት ሁሉ ትልቁ የቱ ነው?

መልስ፦ እኔን ከጠየቃችሁኝ የመሬት ውሉ ነው። በ1992 ምክር ቤቱ፣ ከተማው በሚሸጠው መሬት ላይ የሚሠራ ቤት ለማሞቂያ በዓመት ከ65 ኪሎዋት ሰዓት በካሬ ሜትር በላይ እንዳይፈጅ ወሰነ። አስተውሉ፣ ይህ የአገር ሕግ አልነበረም፤ ሻጩ ለገዢው ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ነው። ሪዘልፌልድ የሚባለው አዲስ ሰፈር የተሠራው ድሮ የከተማው ፍሳሽ ይለቀቅበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። ቮባን የሚባለው ሌላው ሰፈር ደግሞ የተሠራው የፈረንሳይ ጦር በ1992 ለቆት በወጣው ካምፕ ላይ ነው። መሬቱ በከተማው እጅ ስለነበር ቤቱን፣ መንገዱንና ትራሙን (የከተማ ውስጥ ባቡሩን) አንድ ላይ ማቀድ ተቻለ። ሪዘልፌልድ የመጀመሪያ ነዋሪዎቹ በገቡ በዓመቱ፣ በ1997፣ ትራም ደረሰው። ሰው መኪና ከለመደ በኋላ ትራም ቢመጣ ውጤቱ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ጥያቄ፦ የሚወቀሱበት ነገር የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ። ውሳኔው አዲስ ቤቶችን እንጂ ነባሮቹን አልነካም፤ ብዙ ሙቀት የሚባክነው ደግሞ በአሮጌ ቤት ነው። የቤት ኪራይም ዛሬ ከነዋሪው ገቢ አንጻር በጣም ውድ ነው። ለእኔ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለእኛ ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተሞች የሚሰጡት በሊዝ ነው። ቦሜ የተጠቀሙበት መሣሪያ እኛም እጅ አለ ማለት ነው። ቁጥራቸውን ግን አንቅዳ፤ የእኛ ጭንቀት የክረምት ማሞቂያ አይደለም። በእኛ ቤት ኃይል የሚበላው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3 ኪሎዋት ተኩል ይስባል። በሊዝ ውሉ ላይ በጣሪያ የሚሠራ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ በእግር የሚደረስ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የእግረኛ መንገድና የዛፍ ጥላ ቢገቡ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አሁን በሕይወት አሉ?

መልስ፦ በ2019 በ84 ዓመታቸው አርፈዋል።

ጥያቄ፦ ፍራይቡርግ ብመጣ የት ልሂድ?

መልስ፦ ከመሀል ከተማ 3 ቁጥር ትራም ይዘህ ቮባን ውረድ፣ ወንድሜ። መኪኖቹ የሚቆሙት ሰፈሩ ዳር ባሉ ጋራዦች ነው፤ በውስጥ መንገዶቹ ላይ ልጆች ሲጫወቱ ታያለህ።