ዴሲሜትር ምን ይሠራል? ታንከር ለምታሠራው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ልጄ ዴሲሜትር ተማርኩ ይለኛል፤ እኔ ግን ማንም ሲለካበት አላየሁም፣ ምን ይሠራል?» ብለህ ጠይቀሃል። እግረ መንገድህን አዳማ ላይ የውሃ ታንከር በላሜራ ልታሠራ መሆኑንም ነግረኸናል። ጥያቄህ አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም። ልጅህን ጥራውና አብራችሁ አንብቡ።

ሜትርህን ስትዘረጋ 10፣ 20፣ 30 እያለ የሚሄደው እያንዳንዱ አሥር ሳንቲሜትር አንድ ዴሲሜትር ነው። የታንከሩን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በዴሲሜትር ለክተህ ብታባዛ የምታገኘው ቁጥር በቀጥታ ሊትር ነው። በሳንቲሜትር ካባዛህ ለ1000 ማካፈል፣ በሜትር ካባዛህ ደግሞ በ1000 ማባዛት ይኖርብሃል፤ ሰው የሚታለለው እዚያ ዜሮዎች መካከል ነው።

1. የሚለካው ውስጡ ነው። ለላሜራ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። በኮንክሪት ለሚያሠራ ግን ከባድ ነው፦ ከውጭ 20 በ20 ዴሲሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ፣ ግድግዳው 15 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ውስጡ 17 በ17 ብቻ ነው። በ10 ዴሲሜትር የውሃ ከፍታ 4000 ሊትር የመሰለህ 2890 ሆኖ ያርፋል።

2. ቧንቧዎቹ የት እንደሚበየዱ ራስህ ወስን። ወለሉ 10 በ10 ዴሲሜትር በሆነ ታንከር፣ የትርፍ ውሃ መውጫው ከአፉ አንድ ዴሲሜትር ዝቅ ካለ 100 ሊትር ቀረብህ። የታችኛው ቧንቧ ከወለሉ ግማሽ ዴሲሜትር ከፍ ካለ ደግሞ 50 ሊትር ሳይቀዳ ይቀመጣል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

3. ደረሰኙ ላይ ከሊትሩ ጋር ሦስቱም ልኮች ይጻፉ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። እዚሁ አዳማ አንድ ብረት ቤት «1000 ሊትር» ብሎ ጽፎ የ1000 ሊትር ዋጋ ተቀበለኝ። ታንከሩ ግቢ ሲገባ ለካሁት፤ ወለሉ 10 በ10፣ ቁመቱ ግን 8 ዴሲሜትር። 800 ሊትር ማለት ነው! ባለቤቱ «ላሜራው ያው ነው፣ ምን ጎደለብህ?» አለኝ። ጎድሏል እንጂ! ዙሪያው 40፣ የቀረው ቁመት 2፣ ስለዚህ 80 ካሬ ዴሲሜትር ላሜራ ቀርቷል። ባለ 1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ውፍረቱ 0.015 ዴሲሜትር ነውና 1.2 ኪዩቢክ ዴሲሜትር ብረት ይሆናል። የአንዱ ክብደት 7.85 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ከዘጠኝ ኪሎ በላይ ብረት በእጁ ቀርቶ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ አቤት ልል አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ሳታነበው «ሊትር በሜትር አይለካም» ብላ ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ ገፋችልኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አለማወቅ ነውር የለውም፤ ሳያነቡ ሰውን ማባረር ግን ነውር ነው። ሊትር እኮ ራሱ አንድ ኪዩቢክ ዴሲሜትር ነው! ድሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ፣ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ የሚይዘው ቦታ ተብሎ ይተረጎም ስለነበር በጣም ትንሽ ልዩነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን ዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ያንን ሽሮ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ብረት ቤቱን ባለቤት ጠርቼ፣ ጎረቤቶቼ ቆመው እያዩ፣ ታንከሩን በባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስሞላሁት። አርባኛው ጀሪካን ላይ ጢም አለ። ሃምሳ መግባት ነበረበት። ሰውየው በሽማግሌዎች ፊት የ200 ሊትሩን ዋጋ መለሰልኝ። ከጀሪካኑ በፊት ወረቀቴ 800 ብሎ ነበር፤ በዚህ እኮራለሁ።

አንተ እዚህ ሳትደርስ፣ ላሜራው ሳይቆረጥ ልኮቹን ተቀበልና ልጅህ ያባዛልህ። መቆሚያውንም በዚያው ቁጥር አሠራው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 1000 ሊትር ማለት የታንከሩ ብረት ሳይጨመር አንድ ቶን ነው። ጣሪያ ላይ ልታወጣው ካሰብክ ግን በያጁን አትስማ፤ መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው።