ፖሊስ የተሰረቀች መኪናዬን አግኝቶ በጨረታ ሸጠብኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ የማታ ፈረቃ ነው። በብርዱ ወቅት የ2015 ሀዩንዳይ ኤላንትራዬን ከአፓርታማችን ፓርኪንግ ሰረቁኝ። የዚያኑ ጠዋት ለፖሊስ አመለከትኩ፤ አዲሱን አድራሻዬንና ስልኬን መዝግቦ የኬዝ ቁጥር ሰጠኝ። ኢንሹራንሴ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ያደረስኩትን ጉዳት የሚሸፍነው) ብቻ ስለሆነ ከእነሱ ምንም አላገኘሁም። ከቆየ በኋላ ከምን ደረሰ ብዬ ብደውል፣ «መኪናው ተገኝቶ ነበር፣ የሚወስደው ሲጠፋ ተሸጧል» አሉኝ። ደብዳቤ የላኩት ወደ ድሮው ቤቴ ነው። ወንድሜ «ከመንግሥት ጋር ምን አጋጠመሽ፣ ተይው» ይለኛል። መኪናዬን ማስመለስ እችላለሁ? ካልሆነስ ገንዘቤን?
ሀ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ ሀ.፣ የወንድምዎን ምክር ለጊዜው ያቆዩት። መኪና ስለተሰረቀ ባለቤትነት አይቋረጥም፤ ፖሊስም ስላገኘው ብቻ የራሱ አይሆንም። መሸጥ የሚችለው ሕጉ ያዘዘውን ሲፈጽም ነው።

ያዘዘው ምንድን ነው? በሜሪላንድ የትራንስፖርት ሕግ ክፍል 25-204 መሠረት ፖሊስ እንደ ተጣለ የቆጠረውን መኪና በያዘ በ7 ቀን ውስጥ ለተመዘገበው ባለቤትና በመኪናው ላይ ብድር ላለው ባንክ በሰርቲፋይድ ሜይል (ተቀባዩ ፈርሞ በሚወስደው ደብዳቤ) መጻፍ አለበት። በመደበኛው ባለቤቱ 3 ሳምንት አለው፤ የቶው (የመኪና መጎተቻ) እና የማቆያ ከፍሎ ካልወሰደ ባለቤትነቱን እንደተወ ይቆጠራል። (አዎ፣ የተሰረቀበት ሰውም የቶው ይከፍላል። ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም፣ ሕጉ ግን እንዲያ ነው።)

ፖሊሱ የሚተዳደርበት ካውንቲ የሚመልስልዎትን ከአሁኑ ልንገርዎ፦ «በኤምቪኤ (የሜሪላንድ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ልከናል፤ አድራሻ ሲቀየር በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ የእሷ ግዴታ ነው» ይላል። ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ጆንስ እና ፍላወርስ በተባለው መዝገብ የወሰነው ለእርስዎ ይጠቅማል። አርካንሶ ውስጥ ግብር ያልተከፈለበት ቤት ሲሸጥ፣ ለባለቤቱ የተላኩት ሰርቲፋይድ ደብዳቤዎች ተቀባይ አጥተው ተመልሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ደብዳቤው መመለሱን እያወቀ ዝም ብሎ መሸጥ አይችልም፣ ሌላ የሚቻል መንገድ ካለ መሞከር ነበረበት አለ። በእርስዎ ጉዳይ ሌላው መንገድ የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ያለው ስልክ ቁጥርዎ ነው! የተሰረቀ መኪና ቪን ቁጥር (የመኪናው መለያ ቁጥር) ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ስርቆቱ ከነኬዝ ቁጥሩ ይወጣል፤ መደወል ያቃታቸው ለምን እንደሆነ እነሱ ያስረዱ።

ስለዚህ ከክርክሩ በፊት ወረቀቱን ይያዙ። በሜሪላንድ የመረጃ ነፃነት ሕግ በጽሑፍ ሲጠይቁ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡዎት ይገባል። መኪናው የተነሣበትን ቀን፣ የደብዳቤውን ቅጂ፣ ጨረታው የወጣበትን ዋጋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰርቲፋይድ ደብዳቤ ጋር የምትያያዘውን አረንጓዴ ካርድ ይጠይቁ። ካርዷ ላይ ማንም ካልፈረመና ፖስታው ከተመለሰ ጉዳይዎ ይጠነክራል። በድሮው ቤትዎ ያለ ተከራይ ፈርሞ ተቀብሎ ከሆነ ግን ይከብድዎታል።

መኪናዋን ይርሷት። በሕጋዊ ጨረታ የገዛ ሰው ከማንኛውም የይገባኛል ጥያቄ ነፃ የሆነ ባለቤትነት ያገኛል፤ የሚከራከሩት ለገንዘቡ ነው። ከሽያጩ የቶው፣ የማቆያና የጨረታ ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ለባለቤቱ 90 ቀን ይቀመጣል፤ ጊዜው ካላለፈ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለመኪናዋ ሙሉ ዋጋ ከሆነ፣ ጉዳቱ በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ለካውንቲው ካሳ እንደሚጠይቁ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ በእጅ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል መድረስ አለበት። ይህ ቀን ካለፈ የቀረው ክርክር ብዙ አያራምድም። እስከ 5,000 ዶላር ያለው ክስ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት በትንንሽ ክሶች ችሎት ያለ ጠበቃ ይታያል፤ ካውንቲው ግን «የመንግሥት ከለላ አለኝ» (መንግሥት ነኝና አልከሰስም) ማለቱ ስለማይቀር፣ ማስታወቂያው ሳይላክ ጠበቃ ቢያየው ይሻላል።

ኢንሹራንሱን ግን አሁን ተነሥተው እንዳያቋርጡ። ታርጋው በስምዎ እያለ ከተቋረጠ ኤምቪኤ ይቀጣል፤ መጀመሪያ መኪናዋ መሸጧን አሳውቀው ምዝገባው እንዲዘጋ ያድርጉ።