ሚላን ውስጥ ጾመኛ ምን ይበላል? ለጠያቂዋ እህቴ

ሰላም እህቴ። «በመስከረም ለማስተርስ ሚላን እገባለሁ። ጾመኛ ነኝ፤ የአሳማ ሥጋም አልበላም። እዚያ ምን እበላለሁ? ውጭ መብላትስ የተማሪ ኪስ ይችለዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ጣሊያን ሁሉ ነገሩ አይብና አሳማ ነው» ብለው አስፈራርተውሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሚላን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ነው። ጾሜንም አልተውኩም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ይህን ያዢ። የጣሊያን ገበሬ የድሮ ምግቡ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ምስር፣ ጎመንና ዘይት ነው። ሥጋ ለደሃው የበዓል ነገር ነበር። ያ ምግብ ዛሬም በየቤቱ ይሠራል፣ በየሱቁ ይሸጣል። የአንቺ ሥራ ቅቤው፣ አይቡና የአሳማ ስቡ የት የት እንደሚገባ ማወቅ ብቻ ነው።

ከፓስታ እንጀምር። ሱፐርማርኬት በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ ፓስታ የዱረም ስንዴ ሰሞሊናና ውሃ ነው። ሕጉም እንደዚያ ነው የሚያዘው። እንቁላል ከገባበት ፓኬቱ ላይ «አሉዎቮ» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ስፓጌቲሽን፣ ፔኔሽን ያለ ሐሳብ ቀቅይ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ትኩሱ ፓስታ ግን፣ ታሊያቴሌውም ላዛኛውም ራቪዮሊውም፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት።

የታሸገ ነገር ስትገዢ ጀርባውን ማንበብ ልመጂ። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ መሠረት አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ከሌላው ጽሑፍ ጎላ ብለው መታየት አለባቸው። ላቴ (ወተት)፣ ኡዎቫ (እንቁላል) እና ፔሼ (ዓሣ) በደማቅ ፊደል ዓይንሽ ላይ ይመጣሉ። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን አይደምቅልሽም። ስትሩቶ ይባላል፤ የአሳማ ስብ ነው። የአለርጂ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ይጻፋል። ፒያዲና የሚሉት ቂጣ በባህላዊ አሠራሩ ስትሩቶ አለው። ግሪሲኒ (እንደ እንጨት የቀጠነ ደረቅ ዳቦ)፣ ክራከርና አንዳንድ ፎካቻ (ጠፍጣፋ ዳቦ) ውስጥም ይገኛል። በወይራ ዘይት የተሠራውም እዚያው ጎኑ ተደርድሮ ይሸጣልና ፈልጊው።

ሬስቶራንት ስትገቢ ደግሞ ስለ ጾማችን ረጅም ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግሽም። «ሶኖ ቬጋና» በይ። አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም እንደማትፈልጊ ያውቃል። «ሥጋ የሌለው» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ ግን ስፒናችና ሪኮታ የተሞላ ራቪዮሊ ነው የሚመጣልሽ። ለነሱ ያ ሥጋ የሌለው ምግብ ነው፤ አይቡን ማንም አይቆጥረውም።

ሪዞቶ የሚሉት የሩዝ ምግብ ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። ሜኑው ላይ «የአትክልት» ተብሎ ሲጻፍ ጾመኛውን ያታልላል። ኩሽና ውስጥ እንዴት እንደሚያልቅ ልንገርሽ። ሩዙ ሲበስል ድስቱ ከእሳት ይወርዳል። ከዚያ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ቅቤ በጉርድ በጉርዱ ይጨመርበታል፣ የተፈጨ ግራና አይብ ይነሰነስበታል፣ እስኪያብረቀርቅ በኃይል ይማሰላል። ያ የሚያምረው ልስላሴ ከዚያ ነው የሚመጣው። የሚላኑ ቢጫ ሪዞቶ በሳፍሮን የሚሠራ ነው፤ እሱ ደግሞ በደንቡ ከተሠራ የአጥንት መቅኔም አለበት። የሚላን ሚኔስትሮኔም የአትክልት ሾርባ ነው ብለሽ አትዘናጊ፤ በድሮው አሠራር ፓንቼታ (የአሳማ ሆድ ሥጋ) ወይም የአሳማ ቆዳ ይገባበታል። ሁለቱንም ሳትጠይቂ አትዘዢ።

ሳትጨነቂ የምትበያቸውን ልንገርሽ። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። አይብ የለውም። ብዙ ጊዜ ከሜኑው ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኦልዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ በዘይት ነው። ሜኑው ላይ ባይኖርም ጠይቂ፤ እቃው የማይጠፋበት ኩሽና የለም፣ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ፔኔ አላራቢያታ ቲማቲምና ቃሪያ ነው፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት ብቻ ተናገሪ። ፋሪናታ ካገኘሽ አትለፊው። የሽምብራ ዱቄት በውሃና በዘይት ተበጥብጦ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር የሊጉሪያ ምግብ ነው፣ ሚላን ውስጥም ይሸጣል።

ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ፓስታ ኤ ቼቺ ነው። ፓስታ በሽምብራ ማለት ነው። ያስተማሩኝ ፎቃችን ላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ናቸው። እጾማለሁ ስላቸው ብዙም አልገረማቸውም፤ በልጅነታቸው እነሱም አርብ አርብ ሥጋ አይበሉም ነበርና። ሽምብራውን ማታ ይዘፈዝፋሉ። ጠዋት ቀቅለው ግማሹን ይፈጩታል፣ ግማሹን እንዳለ ይተዉታል። ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘንግ የጥብስ ቅጠል በወይራ ዘይት ያሞቃሉ። ቅጠሉ ሽታውን ሲሰጥ ያወጡትና ሽምብራውን ከነውሃው ይገለብጡበታል። ከዚያ ስፓጌቲውን በእጃቸው ሰባብረው እዚያው ውስጥ ይጨምሩታል። ፓስታው ሲበስል ወጡ ልክ እንደ ሽሮ ወፈር ይላል። ከላይ ጥሬ የወይራ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ አለቀ። በጥቂት ሳንቲም ሁለት ቀን የሚያበላ ምግብ ነው። አርብ ረቡዕን በዚህ ትወጪዋለሽ።

አንድ ማንም የማይነግርሽ ችግር አለ፤ ሰዓት። እዚህ ምሳ በአገራችን አቆጣጠር ከ6፡30 እስከ 8፡30 ገደማ ነው። ከዚያ ኩሽናው ይዘጋል። እራት የሚጀምረው ከምሽቱ 1፡30 በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ልክ ጾምሽን ልትፈቺ ስትወጪ በሩ ሁሉ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። መፍትሔው በቁራሽ የሚሸጥ ፒዛ ነው፤ ፒዛ አል ታልዮ ይሉታል። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። «ሮሳ» ብለሽ ጠይቂ፤ ቲማቲም ብቻ ያለበት ነው። ፓኦሎ ሳርፒ በሚባለው የቻይናዎች ሰፈርም በማንኛውም ሰዓት ትኩስ ነገር አይጠፋም፤ የአትክልቱን ራቪዮሊ እንቁላል እንደሌለበት አረጋግጠሽ ብዪ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከተማው ባዶ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 15 በሚውለው፣ ፌራጎስቶ በሚባለው በዓል ሰሞን ብዙ ምግብ ቤት ለሳምንታት ይዘጋል። ፍልሰታ ከዚያ ጋር ስለሚገጣጠም ያኔ ቤትሽ ማብሰል ነው ያለብሽ።

ፍስክ ሲሆን የአሳማው ጉዳይ ይመጣል። ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ጓንቻሌ፣ ስፔክ፣ ሞርታዴላ፣ ሳላሜ፣ ሁሉም አሳማ ነው። ካርቦናራና አማትሪቻና የሚባሉት ፓስታዎች በጓንቻሌ ነው የሚሠሩት። ብዙ አበሻ የማያውቀው ግን ራጉን ነው። የፓስታው የሥጋ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ የበሬና የአሳማ ድብልቅ ነው። «ቼ ማያሌ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው። ማንም አይቀየምሽም። ብሬዛኦላ ከቫልቴሊና የሚመጣ የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው፣ ቋንጣ ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን ከፈረስ የሚሠራም አለና «ካቫሎ» የሚለውን ቃል አይተሽ እለፊ። በፍስክ ቀን አንድ ጊዜ ኦሶቡኮ ከቢጫ ሪዞቶ ጋር ብዪ። የጥጃ ቅልጥም ነው፤ መቅኔውን በትንሽ ማንኪያ አውጥተሽ ትበያለሽ። ገንዘብ አጠራቅመሽም ቢሆን ብዪው፤ የዚህ ከተማ ምርጥ ምግብ እሱ ነው።

አሁን ወደ ኪስሽ። ሜኑው ፕሪሞ፣ ሴኮንዶ፣ ኮንቶርኖ እያለ ሲዘረዝር ሁሉንም ማዘዝ ግዴታ እንዳይመስልሽ። አንድ ፕሪሞ፣ ማለትም አንድ ሳህን ፓስታ፣ በቂ ነው። ሴኮንዶውን፣ ማለትም ሥጋ፣ ካዘዝሽ ግን ብቻውን ነው የሚመጣው፤ አትክልቱ (ኮንቶርኖው) ለብቻው ይከፈላል። ሂሳቡ ላይ ኮፐርቶ የሚል ታያለሽ። የመቀመጫና የዳቦ ክፍያ ነው፤ ብዙ ቦታ በሰው 2 ወይም 3 ዩሮ ነው። ሜኑው ላይ መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ሳትቀመጪ እዪው። ውሃም በጠርሙስ ነው የሚመጣው፣ ይከፈልበታል። መንገድ ላይ ያሉት አረንጓዴ የብረት ቧንቧዎች ግን ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ ነው ያላቸው፤ ኮዳሽን ሙዪ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ቢሉን ካልጠየቅሽ ማንም አያመጣልሽም፤ ማባረር ስለሚመስላቸው ነው። ጓደኛሞች ሲበሉ ሁሉም እኩል ያዋጣል። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብለሽ ብትታገይ ሰዎቹን ታስጨንቂያቸዋለሽ፤ ድርሻሽን ሰጥተሽ ተነሺ።

ቡና ባር ውስጥ ቆመሽ ጠጪ። ዋጋው ከ1 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ቁጭ ካልሽ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል፤ ዱኦሞ (ትልቁ ካቴድራል) አካባቢ ደግሞ በጣም ይጨምራል። የኛን ዓይነት ማኪያቶ የምትፈልጊ ከሆነ ካፑቺኖ ነው የሚቀርበው። የነሱ ማኪያቶ አንድ ጠብታ የወተት አረፋ ያረፈበት ቁንጥጫ ቡና ነው። በጾም ወቅት በአጃ ወይም በአኩሪ አተር ወተት በይ፤ ሁሉም ጋ አለ ማለት ይቻላል። ከቡና ጋር የሚበሉት ብሪዮሽም (ኮርኔቶ) የቪጋኑ እንደዚያው።

ዩኒቨርሲቲሽ ሜንሳ (የተማሪ ምግብ ቤት) ካለው ምሳሽን እዚያ አድርጊ። የክልሉን የተማሪ ድጋፍ ካገኘሽ ምግቡ በነጻ ወይም በቅናሽ ሊሆንልሽ ይችላል፤ ገና አዲስ አበባ እያለሽ ስለ እሱ ጠይቂ፣ ቀነ ገደቡ ቶሎ ያልፋል። አትክልት ደግሞ ከሱፐርማርኬት ሳይሆን ከሰፈር ገበያ ግዢ። ፓፒኒያኖ የሚባለው ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ነጋዴዎቹ እቃቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ድረሺ፤ ቲማቲሙን በሳጥን «አንድ ዩሮ፣ አንድ ዩሮ» እያሉ ይጣራሉ። ፍሬውን በእጅሽ አትንኪ፣ ለነጋዴው አሳዪው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ ጓንት አለ፣ ሳታደርጊ ካነሳሽ ቁጣ አለ።

እንጀራስ? ፖርታ ቬኔዚያ። በቀዩ ሜትሮ ነው የምትሄጂው። በቪያ ሜልሶና በላዛሮ ፓላዚ ዙሪያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ቦታ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የጾም በያይነቱ፣ ጀበና ቡናው፣ ሁሉም አለ። እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ላይሆን ይችላል፤ ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያ መውረድ ለብቸኝነትሽም መድኃኒት ነው። ግን በየቀኑ አትሂጂ። እዚያ ብቻ የምትበዪ ከሆነ ቋንቋውንም ከተማውንም ሳታውቂ ዓመቱ ያልቃል።

ከአገር ቤት ስትመጪ እናትሽ ቅቤና ቋንጣ ሻንጣሽ ውስጥ ልትጨምር እንደምትሞክር አውቃለሁ። እንዳታደርጊው። ከአውሮፓ ሕብረት ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ይወስደዋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ያዢ።

ስለ ገናም ልጨምርልሽ። ዲሴምበር ላይ ከተማው በፓኔቶኔ ይሞላል። የሚላን የራሱ የገና ዳቦ ነው፤ ቅቤና እንቁላል አለው፣ እኛ ደግሞ ያኔ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ሲያምርሽ ታገሺ። የነሱ በዓል ሲያልፍ ዋጋው ይወርዳል፤ የኛ ገና የሚውለው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ጥሩውን ፓኔቶኔ በቅናሽ ገዝተሽ ትፈስኪበታለሽ። ሚላኖችም ፌብሩዋሪ 3፣ በሳን ቢያጆ ቀን፣ የተረፈውን ፓኔቶኔ የመብላት ልማድ አላቸው። ያኔም ሱቆች ሁለቱን በአንድ ዋጋ ሲሸጡ ታያለሽ።

ሶጆርኖውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) አትርሺ፤ በገባሽ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ማመልከት አለብሽ፣ ፎርሙን ፖስታ ቤት ነው የምታገኚው። ስለ ቤት ኪራይ መጠየቅ ካሰብሽ ደግሞ እዚህ ካሉት ተማሪዎች አንዱ ቢመልስልሽ ይሻላል፤ እነሱ የዘንድሮውን ዋጋ ያውቁታል። ስለ ምግብ ያልገባሽ ካለ ከስር ጻፊልኝ፣ እመልሳለሁ።