ቦኔር ልትጠልቁ ለምትሰናዱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ካሪቢያኗ ደሴት ቦኔር ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከዱባይም፣ ከቦሌም ጽፋችኋል። ጥያቄው ቢለያይም የሚያሳስባችሁ ነገር አንድ ነው። ቦኔር ላይ ብዙው ሰው የሚጠልቀው ከባሕር ዳር በእግሩ ገብቶ ነው። ጀልባ የለም፤ "በቃ፣ እንውጣ" የሚል መሪም የለም። እቅዱን የምታወጡት እናንተው ናችሁ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። ሰርተፊኬት ካገኘን ዓመት አልሞላንም፤ እያንዳንዳችን 12 ጊዜ ያህል ጠልቀናል። መኪና ተከራይተን ራሳችንን ችለን እንጠልቃለን ብለናል። ድፍረት ይሆንብን ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ካልዘለላችሁ ድፍረት አይደለም። ነፋሱ አብዛኛውን ዓመት ከምሥራቅ ስለሚነፍስ የደሴቷ ምዕራባዊ ጠረፍ ተከልሎ ይተኛል። ሪፉም (ከባሕሩ ሥር ያለው የኮራል መደብ) ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ዋኝታችሁ ጫፉ ላይ ትደርሳላችሁ። በመንገዱ ዳር ዳር የየቦታው ስም የተጻፈባቸው ቢጫ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ፒክአፑን እዚያ አቁማችሁ፣ የአየር ሲሊንደሩን አዝላችሁ መግባት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን የራሱ ሥርዓት አለው። በደሴቷ ዙሪያ ያለው ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ፓርክ ነው። ጠላቂ 40 ዶላር ይከፍላል፤ ክፍያው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያገለግላል። ገለጻ ሳትሰሙና አንድ የሙከራ ጠለቃ ሳታደርጉ ወደ ሌላ ቦታ አትሄዱም። ብዙዎች ይህን እንደ ቢሮክራሲ ያዩታል። እኔ ከጠቅላላው ሳምንት የማልሰርዘው ጠለቃ ብትሉኝ እሱን ነው የምላችሁ፤ እንድትሰምጡ ወገባችሁ ላይ የምትታጠቁትን ክብደት የምታስተካክሉት እዚያ ነው። በአየር የሚነፋውን የጠለቃ ጃኬት አየሩን አራግፋችሁ፣ መደበኛ ትንፋሽ ይዛችሁ ስትቆሙ ውሃው ዓይናችሁ ላይ ይድረስ። ከዚያ 2 ኪሎ ያህል ጨምሩ፤ የአሉሚኒየም ሲሊንደር አየሩ እያለቀ ሲሄድ ወደ ላይ መንሳፈፍ ይወዳል።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ውሃውን ሳታዩ ዕቃ አትልበሱ። አሥር ደቂቃ ቁሙና ማዕበሉ በስንት በስንት እንደሚመጣ፣ የጀልባ ማሰሪያው ገመድ ወዴት እንዳዘነበለ ተመልከቱ። ዳሩ በሞተ ኮራል ስብርባሪ የተሞላ ስለሆነ ወፍራም ሶል ያለው ቡት ያስፈልጋችኋል። ከሁሉ በላይ መውጫችሁን አጥኑ። ከውሃው ላይ ሆናችሁ ዞር በሉና መኪናው አጠገብ የማይጠፋ ምልክት ያዙ። ሪፉ ጫፍ ስትደርሱም ጥልቀቱንና እዚያ ያለውን የተለየ ኮራል በልባችሁ ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ንቄ ከመኪናዬ 300 ሜትር ርቄ ወጣሁ። ፊኔን (የመዋኛ ክንፌን) በእጄ፣ ሲሊንደሩን በጀርባዬ ይዤ በዚያ ፀሐይ በአስፋልት ላይ ስንደፋደፍ የሚያልፈው ሁሉ እጁን እያውለበለበ ሰላምታ ይሰጠኝ ነበር።

"አንድ ሺህ ደረጃ" የሚባለውን ቦታ ለሦስተኛው ቀን አቆዩት። ደረጃው እውነቱን ለመናገር መቶ እንኳ አይሞላም፤ ስሙን ያወጣለት ሲሊንደር ተሸክሞ የወጣ ሰው ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ደግሞ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ መሪ ቅጠሩ። ለስድስቱም ቀን መቅጠር ግን ቦኔርን ያህል ቦታ ሄዶ አለመማር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሲሊንደር ስንት ደቂቃ ያቆያል? አስተማሪዬን ብጠይቀው "ይለያያል" ብሎ አለፈኝ። (ከዱባይ)

መልስ፦ አልዋሸም፤ ግን ሒሳቡን ሊያሳይዎት ይገባ ነበር። በብዛት የሚከራየው ሲሊንደር 11 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ እስከ 200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው፤ አንድ ባር የከባቢ አየር ግፊትን ያህላል) ሲሞላ 2,200 ሊትር አየር ማለት ነው። የተረጋጋ ሰው በየደቂቃው 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከምድር ሦስት እጥፍ ነው፤ ያው ትንፋሽ 60 ሊትር ይበላል። 50 ባር የማይነካ መጠባበቂያ አድርገው ይተዉ። የቀረው 150 ባር 1,650 ሊትር ነው፤ ለ60 ሲካፈል 27 ደቂቃ። የራስዎን የፍጆታ ቁጥር ከሁለት ሦስት ጠለቃ በኋላ ያገኙታል፤ የጀማሪ ከዚህ ቢበልጥ አይደንግጡ።

አሁን የቦኔሩ ሁኔታ ይመጣል። ወደገቡበት ቦታ መመለስ አለብዎት፤ ስለዚህ ከ150ው ግማሹን ይዘው ይሂዱ፣ በግማሹ ይመለሱ። የግፊት መለኪያው መርፌ 125 ላይ ሲደርስ ጀርባ ይዙሩ፤ ገና ኤሊ እያዩም ቢሆን። የሚወስነው ደግሞ ከሁለታችሁ አየር ቶሎ የሚጨርሰው ነው፤ ይህን ውሃ ውስጥ ሳይሆን መኪናው አጠገብ ተነጋገሩት። ሲሄዱ የውሃውን ፍሰት ተቃውመው፣ ሲመለሱ ተሸክሞ እንዲያመጣዎት ያድርጉ። ሲሄዱ በጥልቁ፣ ሲመለሱ 8 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የሪፉ መደብ ላይ ቢሆኑ ደግሞ ያው ትንፋሽ 36 ሊትር ብቻ ይበላል። በነገራችን ላይ ከጥልቁ ይልቅ ብዙ ዓሣ የማየው እዚያ መደብ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመው፣ ቀስ ብለው ይውጡ፤ ትንፋሽ ግን በምንም ምክንያት አይያዝም።

ጥያቄ፦ በጥቅምት ብንሄድ አውሎ ነፋስ አያገኘንም? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ቦኔር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ፣ ለቬኔዝዌላ ቀርባ ስለተቀመጠች ከዋናው የአውሎ ነፋስ መንገድ ወጣ ያለች ናት። ጨርሶ አይነካትም ማለት ግን አይደለም። በኅዳር 1999 እ.ኤ.አ. ሌኒ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተለመደው ተቃራኒ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ፣ ራቅ ብሎ ቢያልፍም ማዕበሉ የምዕራቡን ጠረፍ ኮራል ሰባብሮታል። ነፋሱ አቅጣጫ በቀየረ ቀን መጥለቁን ትታችሁ ሌላ ነገር አድርጉ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከውሃ ወጥቼ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብበርስ? ትኬቱ አይቀየርም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትኬቱ ካልተቀየረ ጠለቃው ይቀየር። 15 ሰዓት ብቻ ነው ያለዎት። ለብዙ ቀን ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 18 ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ 12። እኔ 24 አድርጌ ነው የምይዘው። የመጨረሻውን ቀን ሲያቅዱ ከበረራው ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ምክንያቱን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ያስረዳዎታል። ክዳኑ እንደተዘጋ ጋዙ አይታይም፤ ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና አረፋው ይፈላል። በጥልቁ የተነፈስነው ናይትሮጅን በሰውነታችን ሟሙቶ ይቆያል፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ እንደዚያ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ደግሞ ዝቅ ሲል 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። ይህ ለእኛ አዲስ ቁጥር አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ጅቡቲ ጠልቃችሁ በዚያው ቀን በመኪና ወደ ደጋው የምትወጡም ብትሆኑ ይህ መልስ ለእናንተም ነው። ጎማው መሬት ስለነካ ሰውነታችሁ ልዩነቱን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሂልማ ሁከር የምትባለው የሰመጠች መርከብ ውስጥ እንግባ እያሉኝ ነው። ያለኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፊኬት ብቻ ነው። (ከዴንቨር)

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ ጓደኞችህን ቀይር ወይም መርከቧን ከላይ እያት። ታሪኳ ራሱ ይማርካል፤ አልፈርድብህም። በ1984 እ.ኤ.አ. ችግር ገጥሟት ቦኔር ስትጠጋ ባለሥልጣናቱ ፈትሸው ከሐሰተኛ ግድግዳ ጀርባ ወደ 11 ቶን የሚጠጋ ማሪዋና አገኙባት። ባለቤት ነኝ የሚል ጠፋ፤ ውሃ እያስገባች ቆይታ መስከረም 12 (በፈረንጆቹ) ሰመጠች። 72 ሜትር የምትረዝም መርከብ በቀኝ ጎኗ ተኝታለች፤ የላይኛው ጎኗ 18 ሜትር፣ የተኛችበት አሸዋ 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው።

ያንተ ፈቃድ 18 ሜትር ላይ ያበቃል። እዚያ ተንሳፍፈህ ወደታች ብታይ መርከቧ ሙሉ በሙሉ ትታይሃለች፤ ውሃው ንጹሕ ነው። ወደ አሸዋው መውረድ የሚቀጥለውን ኮርስ ይጠይቃል፤ 30 ሜትር ላይ በተራ አየር 20 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላልህም። ውስጥ መግባት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። አንድ የፊን ምት ደለሉን ሲያስነሳው በሩ የት እንደነበር ይጠፋሃል፤ ከላይህ ያለው ብረት እንጂ ውሃ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጉዟችን በፍልሰታ ጾም ውስጥ ገባ። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ብጠልቅ ይጎዳኛል? (ከሚኒያፖሊስ፣ እኅታችሁ)

መልስ፦ እኅቴ፣ የሚያሳስበኝ ከምግቡ በላይ ውሃው ነው። የሲሊንደር አየር ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ይልሳል፣ የውሃ ጥም ደግሞ በናይትሮጅን የመጎዳት ዕድልን ከሚጨምሩት ነገሮች ይቆጠራል። ባዶ ሆድ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ በድንጋይ ላይ መራመድም ማዞር ያመጣል። ጾሙን ሳትነኪ የሚሆን መንገድ አለ፦ ጠዋት ዕረፊ፤ በ9 ሰዓት ብዪ፣ ደጋግመሽ ውሃ ጠጪ፤ ከዚያ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጥልቀት የሌለው ጠለቃ አድርጊ። ፀሐይ የምትጠልቀው 1 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ይበቃሻል። ሌላውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ የኔ ሥልጣን ውሃው ጋ ያልቃል።

ጥያቄ፦ እጄን ኮራል እንዳይቆርጠኝ ጓንት ልያዝ?

መልስ፦ በፓርኩ ውስጥ ጓንት ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ጓንት ያጠለቀ ሰው ሁሉን ይነካል። አንዳንዱ ኮራል በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የድንጋይ ኮራልን ሥጋ የሚያጠፋው በሽታ ቦኔር ደርሷል። ስለዚህ ዌትሱቱንም (የመጥለቂያ ልብሱንም) ጃኬቱንም ከባሕር ወደ ባሕር ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በፀረ ተዋስያን አጥቡ፤ የጠለቃ ሱቆቹ ማጠቢያውን ያሳዩአችኋል።

ጥያቄ፦ መኪናውን ቆልፈን ቁልፉን የት እናድርግ?

መልስ፦ አትቆልፉ። ምንም አትተዉበት፣ መስኮቱንም ክፍት አድርጉት። ስልክና ፓስፖርት ማደሪያችሁ ይቆዩ። ሌባ የሚሰብረው የተዘጋ መስኮት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አብረውኝ ይሄዳሉ። ዋና አይችሉም፣ ባሕርም ይፈራሉ። እኔ ስጠልቅ ምን ያድርጉ? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ እናትዎን ወደ ደቡብ ይውሰዷቸው። የጨው ኩሬዎቹ ሮዝ ሆነው፣ ነጩ ጨው እንደ ኮረብታ ተከምሮ ያገኙታል፤ አሞሌ ጨው የሚያውቁ እናት ብዙ የሚያወሩት ይኖራቸዋል። እዚያው ባሕሩ ዳር በ1850 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠሩ የባሮች ጎጆዎች አሉ። ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡባቸው፤ ረጅም ሰው ውስጡ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ጨው ሲቆፍሩ የሚውሉት ሰዎች ሳምንቱን እዚያ ያድሩና ወደ ቤተሰባቸው፣ ወደ ሪንኮን መንደር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ባርነቱ የቆመው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው።

እርስዎ ከዚያ ቅርብ ባለው የጨው መጫኛ ምሰሶዎች ሥር ሊጠልቁ ይችላሉ፤ ስፖንጁና የዓሣው መንጋ ዓይን ያጠግባል። መርከብ ቆሞ ከሆነ ግን መጥለቅ ክልክል ነውና ጠዋት ከጠለቃ ሱቁ ጠይቀው ይሂዱ። ሲመለሱ መንገዱ ላይ ባለቤት የሌላቸው አህዮች ይገጥሟችኋል፤ ለጨው ሥራ የመጡት አህዮች ዘሮች ናቸው። ማታ ላይ ከሆነ ዝግ ብለው ይንዱ፤ መብራት አይተው አይሸሹም።