የእኛዋ 60

ጥያቄ፦ የአየር መንገዳችን ቦይንግ 777 አንድ ቦታ 777-200፣ ሌላ ቦታ 777-260 ተብሎ አየሁ። የቱ ነው ትክክሉ? አውሮፕላኖቹስ ሁሉም የራሱ ናቸው? (ሂሩት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ ሂሩት፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። 777 የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው፤ 200 ሞዴሉ። 60 ደግሞ ቦይንግ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የሰጠው የደንበኛ መለያ ነው። ሞዴሉና መለያው ሲገጣጠሙ 260 ይሆናል። አውሮፕላኑ ቢሸጥም ቁጥሩ አይቀየርም። ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ) ውስጥ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ በሌላው የቦይንግ ዓይነት በ767 ላይም 767-260 የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ልቤ ሞቅ ይላል። በየትኛውም አገር ቀለም ይቀባ፣ መጀመሪያ ለእኛ ነው የተሠራው። ድሪምላይነር በሚባለው 787 ላይ ግን 60ን አትፈልጊው፤ ቦይንግ ለ787 የደንበኛ መለያ አይሰጥም።

ሁሉም የራሱ አይደሉም። የተገዙ አሉ፣ የተከራዩም አሉ። በኪራይ ከመጡት ብዙዎቹ ላይ ቀለሙም አብራሪውም የእኛ ነው፤ ባለቤቱ ግን አከራዩ ኩባንያ ነው፣ ኪራዩም በየጊዜው ይከፈለዋል። ስትሳፈሪ የበሩን ፍሬም ልብ ብለሽ እይ። መዳፍ የማታክል የብረት ሰሌዳ በብሎን ታስራ ካየሽ ጠጋ ብለሽ አንብቢያት። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው።